የጓደኛዬን ድምፅ ማጥፊያ

ደባርቅ ላይ ሆነን የጤና ጣቢያዎችን ኔትወርክ የምንከታተል ሁለት ነበርን። ጓደኛዬ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ሲገባ ብቻዬን ቀረሁ። ቢሮዋ አንዲት ክፍል ናት፤ ሳላወራ የምውልባት ቀን በዛ።

የኔትወርክ መመርመሪያ ሶፍትዌሩን አብረን ነበር የሠራነው። በየጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ጭነነዋል፤ እላዩ ላይም ትንንሽ ተጨማሪ ነገሮችን፣ ፕለጊን የምንላቸውን፣ ቀጣጥለንበታል። አንዷ የጓደኛዬ ናት፤ መስመር በተቋረጠ ቁጥር በራሱ ድምፅ «ኧረ ተቆረጠ! ድረሱ!» ትላለች። ሲቀዳት በሳቅ ሞተን ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መስመር ሲቆረጥ ደስ ይለኝ ጀመር።

አንድ ቀን ከዳባት ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ደወሉ፤ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ይህን የሚጮኸውን ሰውዬ አስወጣልኝ። በሽተኛ እያስደነገጠብኝ ነው።»

«ድምፁን ዝቅ ቢያደርጉትስ?»

«ዝቅ ሳደርገው የሚያንሾካሹክ ይመስላል! ይባስ ያስፈራል።»

ፕለጊን ለማጥፋት የፕሮግራሙን ፋይል ከፍቶ መሰረዝ ያስፈልግ ነበር። ስንሠራው የማይፈልገው ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ሠራሁ፤ በየፕለጊኑ ስም አጠገብ ትንሽ ሳጥን አለች፣ ውስጧ ያለው የራይት ምልክት ሲነሣ ያ ፕለጊን ብቻ ይተኛል፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

ከመጫኔ በፊት ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«ያቺን ድምፅህን ሰዎች እንዲያጠፏት ላደርግ ነው።»

«የቷን ድምፅ?»

ነገርኩት። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«እስካሁን አለች እንዴ? አጥፋት ባክህ! አሁን ስብሰባ ልገባ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ።»

አልደወለም።

ዳባት ሄጄ አዲሱን ጫንኩላቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ምልክቷን በገዛ እጃቸው አነሡ። ለሙከራ ገመዱን ነቀልኩት፤ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀላ፣ ምንም ድምፅ አልወጣም።

«ተመስገን!» አሉና ቀጣዩን በሽተኛ ጠሩ። ከዚያ ዞር ብለው «ምሳ በላህ?» አሉኝ። ሳልበላ በላሁ ብዬ ወጣሁና አስፋልቱ ዳር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ ቆየሁ።

በራሴ ኮምፒውተር ላይ ሳላጠፋት ክረምቱ አለፈ። መስከረም ውስጥ አንድ ጠዋት ስትጮህ ደንግጬ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ በሩ ላይ ሰው የመጣ መስሎኝ ነበር። የእሱ ድምፅ መሆኑን የለየሁት ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ ምልክቷን አነሣሁና የተቆረጠውን መስመር ፍለጋ ወጣሁ።