ሚስማር ላይ የዋለው ኩባያ

ያን ቀን በመምህራን ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ነበር። ቪዲዮው የተቀረጸው በሩቅ አገር ባለ ትምህርት ቤት ነው። አንዲት ጥቁር ልጅ የፀጉሯ አሠራር አልተወደደም ተብሎ ከክፍል ስትባረር፣ አንድ ሰው ቀርጾ ለቆታል። ልጅቷ ታለቅሳለች። የስፖርት መምህራችን «አይ ነጮች!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ከሁሉም በላይ ጮኽኩ። «ልጅ እኮ ናት! ምን አደረገቻቸው?» አልኩ። ዓይኔም እንባ አቅርሮ ነበር፣ አልዋሽም።

እንባዬን ልጠርግ ቀና ስል በመስኮቱ ወደ ውጪ አየሁ። የእረፍት ሰዓት ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተቀመጠውን የውሃ በርሜል ልጆች ከበው ይጋፋሉ፤ ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ግን ፈንጠር ብላ፣ ሁለት መዳፎቿን ገጥማ ጎንበስ ብላለች። አንዲት የክፍሏ ልጅ ጣሳውን ከፍ አድርጋ፣ እጇን እንዳይነካ ተጠንቅቃ ውሃ አፈሰሰችላት። ጠጣች። አፏን በትከሻዋ ጠረገች። ማንም አልሰደባት፣ ማንም አልገፈተራት። ሁለቱም ልጆች የሚያደርጉትን በደንብ ያውቁታል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስል» የሚባለው ለእኛ ነው።

ልጅቷ ማንጆ ናት። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ማንጆዎች በካፋ ጫካ ዳር የሚኖሩ፣ ድሮ በአደን፣ አሁን በእርሻ፣ በማገዶና በከሰል የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው ያው የሌላው ካፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖ ነው። ሌላው ግን ከእነሱ ጋር አይበላም፣ በአንድ ዕቃ አይጠጣም፣ ቤታቸው አይገባም፣ ቤቱም አያስገባቸውም። ለምን ብትሉ አንዱ የአውሬ ሥጋ ይበሉ ነበር ይላችኋል። ሌላው ቆዳቸው ጠቁሯል፣ አፍንጫቸው እንዲህ ነው ይላችኋል፤ ይህን የሚላችሁ ሰው ራሱ ከእነሱ የማይለይ ጥቁር ነው። ፈረንጅ ሁላችንንም በአንድ ቃል ጥቁር ብሎ ይገላገለናል። እኛ ደግሞ ከጥቁር ውስጥ ጥቁር እንመርጣለን።

«ሌላው» እያልኩ ራሴን ላወጣ አልፈልግም። የተወለድኩት እዚሁ ካፋ፣ ቦንጋ ነው፤ አያቶቼ ከሰሜን ከመጡ ሹማምንት ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ከሰል የምታመጣልን ሴት ከአጥር ውጪ ቆማ ትጣራ ነበር። እናቴ ደግ ናት፤ ሳታበላት አትሸኛትም። ምግቡን ግን የምትሰጣት በኮባ ቅጠል ነው፣ ቅጠሉም ከዚያ ይጣላል። እኔ ይህን ደግነት ብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ያን ቀን በመስኮት ሳይ መጀመሪያ በልቤ ያልኩት «ይህ ሥርዓት ይቁም» አይደለም። «ምስኪን፣ ኩባያ እንኳን የላትም» ነው ያልኩት።

የሺሺንዳ ከተማ ገበያ ሲውል ሄጄ ኩባያ ገዛሁላት። የተከራየሁት እዚያው ሺሺንዳ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ከነጋዴው ጋር ቀይ ይሻላል ቢጫ ይሻላል ብዬ ስከራከር ቆይቼ፣ ባለ እጀታ ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ መረጥኩ። በማግስቱ ስሰጣት ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችኝና አንገቷን ደፋች። እኔም ከበርሜሉ ትንሽ ራቅ ብዬ፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር በድንጋይ መትቼ ሰቀልኩላት። «ይኸው፣ የራስሽ ነው» አልኳት። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አልታወቀኝም። ለአከራዬ ስነግራት «ጽድቅ ነው ልጄ» ብላ መረቀችኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዱ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ሲሮጥ ውሎ ጠምቶት መጣና፣ ጣሳው ጋ ሰልፉ ቢረዝምበት ቢጫውን ኩባያ አውርዶ ጠጣ። ልጆቹ ተንጫጩ። «የማንጆዋን ጠጣ! የማንጆዋን ጠጣ!» ሕፃኑ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ማልቀስ ጀመረ። ከሰዓት እናቱ «ልጄን አረከሱብኝ» ብላ መጣች። ሴትዮዋን ልጠላት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ከልቧ ነው የፈራችው፤ ጎረቤቶቿ ከእንግዲህ ልጇን እንዳያርቁት ነው የፈራችው።

ርዕሰ መምህራችን ጭቅጭቅ የማይወድ ሰው ነው። «ይቺን ኢሹ በሰላም ማኔጅ እናድርጋት» አለኝ። «ተማሪዋ ኩባያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝ፤ አለቀ።»

ቁጡ ነኝ አላልኩም? ያን ቀን ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። እሺ አልኩ። ልጅቷን ጠርቼ «ኩባያሽን ከሚስማሩ ላይ አውርደሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው፣ እንዳይጠፋብሽ» ብዬ በራሴ አፍ ነገርኳት። «እሺ ቲቸር» አለች። በማግስቱ ክፍል ስገባ ኩባያው ታጥቦ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ልጅቷ ግን አልመጣችም። በሚቀጥለው ቀንም አልመጣች፣ በሚቀጥለው ሳምንትም።

የመንደሯን ልጆች ስጠይቅ ከእናቷ ጋር እንጨት ተሸክማ ገበያ ስትወርድ እንዳዩዋት ነገሩኝ። ታላቅ እህቷ ከሦስተኛ ክፍል እንዲሁ እንደወጣች ቀርታለች፤ አሁን ልጅ አዝላ እንጨት ትሸጣለች። የሴሚስተሩ ፈተና ደርሷል። ይቺም ከቀረች ቀረች ማለት ነው፤ ያስቀረኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በጭቃ እየተንሸራተትኩ ሄድኩ። ቤታቸው ጫካው ከሚጀምርበት ነው። እናትየዋ ሲያዩኝ ከመንገዱ ወረድ ብለው ቆሙና በካፊኖኖ ሰላም አሉኝ። እነሱ ለሌላው የሚሰጡት ሰላምታ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እኔ ልሙትልዎ» እንደ ማለት ነው። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ለእኔ ይሙቱልኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በራቸው ላይ ቆምኩ። ግቢ የሚለኝ የለም። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ የእኔ ዓይነት ሰው ቤታቸው ስለማይገባ፣ ግቢ ማለት እኔን ማስጨነቅ መስሏቸው ነው። በመጨረሻ እኔው «ልግባ?» ብዬ ገባሁ።

ልጅቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየችኝም። እናትየዋ ወጣ አሉና ከጎረቤት ሦስት እንቁላል ይዘው መጡ። ቀቅለው፣ ሳይልጡ፣ ከነቅርፊቱ በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። ለምን እንዳልተላጠ አልገባኝም ነበር። ልጅቷ ናት የነገረችኝ፣ እኔው ባስተማርኳት ጥርት ያለ አማርኛ።

«ቅርፊት ስላለው ነው ቲቸር። ውስጡን የእኛ እጅ አይነካውም።»

እናትየዋ ለእኔ ያደረጉት፣ እኔ ለልጃቸው ያደረግሁትን ነው። ማንም እንዳይከፋ፣ ማንም እንዳያፍር፣ ንቀቱ ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ። እሳቸው ግን ይህን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲማሩት ኖረዋል፤ እኔስ ምን ሰበብ አለኝ?

«በኩባያው ነው የቀረሽው?» አልኳት።

እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያ «በእጄ ስጠጣ፣ ጠጥቼ ስጨርስ ያልቃል» አለች። «ኩባያው ግን ቀኑን ሙሉ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ይውላል።»

ምድጃው ላይ ለራሳቸው የጣዱት ጎደሬ ነበር። «እንቁላሉ ይቅርብኝ» አልኩ፤ «እናንተ ከምትበሉት ስጡኝ።» እናትየዋ ደነገጡ። ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በራሳቸው እጅ ልጠው፣ የበርበሬ ዳጣ ቀብተው ሰጡኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ጉሮሮዬ እምቢ አለ። ፊደል ቆጥሬ፣ ዲግሪ ይዤ፣ ስልክ ላይ ለሰው አገር ልጅ አልቅሼ፣ አንዲት ጉርሻ ጎደሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ልጅቷ ጉሮሮዬን ትመለከታለች። ዋጥኩ። ሁለተኛው ቀለለ፣ ሦስተኛውን ርቦኝ በላሁት።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «ሰኞ ክፍል ውስጥ ይናገሩታል?»

«ምኑን?»

«እኛ ቤት መብላትዎን።»

«እናገራለሁ» አልኩ፣ ቶሎ። ቶሎ ማለቴን እሷም እኔም ሰማን።

ሰኞ ልጅቷ መጣች። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። መጀመሪያ ንባብ አስነበብኩ። ከዚያ ደብተር አረምኩ። ከዚያ ሰሌዳ ጠረግሁ፣ የተጠረገውን መልሼ ጠረግሁ። ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀር፣ ቦርሳዋን ስታነሣ አየሁና አፌ ተከፈተ።

«ቅዳሜ እነሱ ቤት ጎደሬ በላሁ» አልኩ፣ በእጄ እያሳየኋት።

ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከዚያ ሆድዎን አላመመዎትም?»

«አመመኝ» አልኩ። «ሦስት ነው የበላሁት።»

አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። እሷም ጥርሷን ሸፍና ሳቀች። ይዣት ወጣሁና ልጆቹ እያዩ ከበርሜሉ በጣሳው ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣች፤ የተረፈውን እኔ ጠጣሁ። በዚያው ቀን ሁሉም ነገር ተለወጠ ብል ደስ ባለኝ። ያን ቀን ከእኛ በኋላ ጣሳውን የነካ ልጅ የለም። በማግስቱ ግማሹ ክፍል ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከቤቱ ውሃ ይዞ መጣ፤ ብልጦቹ! ተናድጄ አንድ ሁለቱን ልቀማ ብዬ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን መሸከሙ ሰለቻቸው፤ ኳስ ሲጫወቱ ውለው ጠማቸው፤ አንድ በአንድ ወደ ጣሳው ተመለሱ። እስከ ዛሬ ያልተመለሱም አሉ፣ ስማቸውን አውቃለሁ።

ወሬው ሺሺንዳ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። አከራዬ ከእኔ ጋር ሻይ መጠጣት የምትወድ ሴት ናት። አንድ ማለዳ ሻዬን አበባ ባለበት አዲስ ብርጭቆ አመጣችልኝ። «ላንቺ ብዬ ገዛሁት» አለች፤ «የራስሽ ይኑርሽ።» ፊቷ ላይ ክፋት ፈልጌ አጣሁ። እንደውም ዓይኗ የሚለምነኝ ይመስል ነበር፣ እንዳልቀየማት። አልተቀየምኳትም፤ ሻዩን ግን ሳልነካው ተነሣሁ። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ለራሴ ብቻ አይደለም ያለቀስኩት፤ እኔ በሠላሳ ዓመቴ አንድ ማለዳ ያልቻልኩትን፣ ያቺ ልጅ ሦስት ሳምንት ስትችለው እኔ ስኮራበት እንደነበር ገብቶኝ ነው።

የሴሚስተሩ ካርድ ሲሰጥ ወላጆች መጡ። የልጅቷ እናትም መጡ፤ ትምህርት ቤቱን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥታ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው ቆሙ።

«ስንተኛ ወጣች?» አሉ በካፊኖኖ።

«አሥራ አንደኛ፤ በጣም ጥሩ ነው፣ ሁለት ሳምንት ቀርታ እኮ...»

«አሥራ አንደኛ?» ፊታቸው ተቀየረ። «እንጨት መልቀም አስትቼ፣ ቤቱን ሁሉ እኔ ችዬ፣ አሥራ አንደኛ? ቤት ስትመጣ የእህቷን ልጅ ቁጥር የምታስቆጥር ልጅ፣ እዚህ ስትደርስ ምን ትሆናለች? እናንተ ምን ስታስተምሩ ነው የምትውሉት?»

ወላጅ ሲቆጣኝ አልወድም፤ ስንቱን መልሼ ተቆጥቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፍቼ «ልክ ነዎት፣ እናስተካክላለን» አልኩ። ደስ ብሎኝ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነክሼ ነው።

ካርዱን ነጠቁኝና ከቁጥሮቹ መሃል ትንሿን ፈልገው ጣታቸውን ጫኑባት። «ይቺ ምንድን ናት?»

«ሂሳብ።»

«የሂሳቡ መምህር የቱ ነው?»

አሳየኋቸው። ወደ እሱ ሲሄዱ አይቶ ከወንበሩ ተነሣ።