የመርቭ ፑቶክ የመውረጃ ዕቅድ

መርቭ ፑቶክ ባሕር በማይታይባት ከተማችን በቱዉምባ፣ ተራራ ላይ ተቀምጦ፣ ከመርከብ እንዴት እንደሚወረድ የሚያስተምር ሰው ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዕድሜውን የፈጀው መንጃ ፈቃድ በሚሰጥበት መሥሪያ ቤት፣ ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ ሰው በማሰለፍ ነበር። «ቀጣይ» የምትለው ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጸሎት ሲያሳርግ እንኳ ከ«አሜን» ቀጥሎ እንዳያመልጠው እንሰጋለን። እግዚአብሔር ግን ለሁሉም ተራውን ይሰጣል። መርቭ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ ግሌኒስ የመርከብ ሽርሽር ወደደች፤ ያን ጊዜ እሱም እንደ ሰው መሰለፍ ጀመረ።

ከብሪዝበን ተነሥቶ ወደ ቫኑዋቱ የሚሄደው መርከብ፣ ምሥጢር ደሴት የምንላት ትንሽ ደሴት ጋ ሲደርስ ወደ ዳር አይጠጋም። ከውኃው በታች ያለው ድንጋይ አያስጠጋውም። ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥልና በጎኑ ያንጠለጠላቸውን ጀልባዎች ያወርዳል። ወደ ደሴቷ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው፤ ለእነሱም ወረፋ አለ። ወረፋ ካለ ደግሞ መርቭ አለ።

ግሌኒስ ወረፋውም ጀልባውም ግድ አይሰጣትም። እሷ የምትፈልገው ዶርቃን ነው። ደሴቷ ላይ ሰው አይኖርም፤ መርከብ በመጣ ቀን ከማዶ ያለችው የትልቋ ደሴት፣ የአኔይቲዩም፣ ሰዎች ተሻግረው ገበያ ይዘረጋሉ። ዶርቃ ከእነሱ አንዷ ናት። እንደ ሞክሼዋ፣ እንደ መጽሐፍ ቅዱሷ የኢዮጴ ዶርቃ፣ ቀሚስ ትሰፋለች። ግሌኒስ መጀመሪያ የወረደች ጊዜ ዶርቃ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት ስትታገል አየቻትና የራሷን የንባብ መነጽር አውልቃ ሰጠቻት። ዶርቃ አደረገችው፣ ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባች፣ ሳቀች፣ መነጽሩንም አውልቃ መለሰች። «ይኼ የአንቺ ዓይን ነው» አለቻት። ግሌኒስም «የአንቺን አመጣልሻለሁ» ብላ ቃል ገባች።

ቃል መግባት ቀላል ነው። ለዶርቃ መነጽር ገዝታ በፖስታ ላከችው፤ ከወራት በኋላ፣ መርቭ እንኳ ያልረገጣቸውን አገሮች ማኅተም ሰብስቦ ቱዉምባ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለው ጉዞ በእጇ ይዛው ሄደች፤ ማዕበል ሆነና ካፒቴኑ ማንም እንዳይወርድ አደረገ። ይኼ የማንም ጥፋት አይደለም። ከዚያ በኋላ ባለው ጉዞ የሆነው ግን የመርቭ ጥፋት ነው። እሱ የነፋሱን አቅጣጫ አጥንቶ፣ የመውረጃው በር በመርከቡ ግራ ጎን እንደሚከፈት ወሰነ። ሁለቱ እዚያ ሄደው ቆሙ። አንድም ሰው አልነበረም። መርቭ የሰው አለመኖር የዕቅዱ ፍሬ ነው ብሎ ደስ አለው። በሩ የተከፈተው በቀኝ በኩል መሆኑን ያወቁት ሰዉ ሁሉ ፀሐይ መትቶት፣ በአሸዋ ተለውሶ ሲመለስ ነው።

የዘንድሮው ጉዞ የመጨረሻው ነበር። መርከቡ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ወደዚያ እንደማይሄድ ተነግሮናል፤ የግሌኒስ ዳሌም ከዚህ በኋላ ጀልባ የሚያስወጣት አይመስልም። ስለዚህ መርቭ እንደ ጦር አዛዥ ተነሣ። ጓሮው ውስጥ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪውን ከበረንዳው ደረጃ ሥር አቆመና፣ ጀልባ ነው አለ። ግሌኒስ ከደረጃው ወደ ጋሪው መርገጥ ትለማመዳለች፤ እሱ እጀታውን ይዞ ማዕበል ይሆናል።

«ግራ እግር! ጋሪው ከፍ ሲል ነው የሚረገጠው፣ ዝቅ ሲል አይደለም።»

«መርቭ፣ ጎረቤት እያየን ነው።»

«ይይ። ይማር።»

ጎረቤትም አየ። እኔም ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እነሱ ቤት ስመጣ አይቼ፣ ወደ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ሣር ላይ ኳስ የምናንከባልልበት ክበብ አባላት በጠቅላላ አብረን ነበር የተሳፈርነው። ደሴቷ ከመድረሳችን በፊት ባለው ቀን፣ መርከቡ ላይ ሻይ ይዘን በተቀመጥንበት መርቭ ተነሥቶ አስተማረን። የጀልባው ተራ ቁጥር የሚታደለው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ግን እዚያ የሚሄድ ሞኝ ነው። ጎህ ሳይቀድ በኋለኛው ደረጃ እስከ ታች፣ እስከ መውረጃው በር መውረድ። ባርኔጣ በራስ፣ ፎጣ በአንገት፣ ውኃ በእጅ። ቁርስ ኪስ ውስጥ። ከማንም ጋር ወሬ የለም፤ ወረፋ ላይ የሚያወራ ሰው ተራውን ያስበላል።

ግሌኒስ ክንዱን ነካ አድርጋ «ለሁሉም ከነገርካቸው ሁሉም ይመጡብሃል» አለችው።

«አይመጡም። ሰው ይሰማል እንጂ አይፈጽምም። ሙሉ ዕድሜዬን ‹ሁለት ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ› እያልኩ ኖሬያለሁ። ማን አመጣ?»

በማግስቱ ጠዋት መርቭ አንድ ነገር ብቻ ሊያረጋግጥ ወደ ላይ ወጣ፤ በሩ በየትኛው ጎን እንደሚከፈት። እንዳለፈው እንዳይሆን። አረጋግጦ ግሌኒስን ይዞ በኋለኛው ደረጃ ሲወርድ፣ ክበቡ በሙሉ ባርኔጣ በራሱ፣ ፎጣ በአንገቱ፣ በደረጃው ላይ ተሰልፎ ጠበቀው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰምቶት ፈጽሟል። አንድ ሰው አልቀረም። እኔ ከእሱ ፊት ነበርኩ፤ አፈርኩ፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

የሁሉ ፊት የተሰለፈው ክላይቭ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ሥጋ ሻጭ፣ አፉ እንደ ቢላው የሚቆርጥ። ዞር ብሎ ወደ ላይ አየ።

«መምህር፣ ምነው ወደ ኋላ ቀረህ? ትናንት ትምህርቱን አልተከታተልክም?»

«በሩን ሳይ ነው» አለ መርቭ።

«በሩማ እኔ ጋ ነው። እየተደገፍኩት ነው።»

ሣቁ ከደረጃ ደረጃ ወጣ። መርቭ ግን አልተቆጣም። ወረፋውን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና ለግሌኒስ በሹክሹክታ «ቢያንስ አሰላለፋቸው ጥሩ ነው» አላት።

ጀልባዎቹ መመላለስ ጀመሩ። አስቀድመው የወረዱት በመርከቡ በኩል ጉብኝት የገዙት ናቸው፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ የተሳፈሩ ደንበኞች፣ ከዚያ ተኝተው ተነሥተው፣ ቁርስ በልተው ከአዳራሹ ቁጥር የወሰዱት ሞኞች። ደረጃው ላይ የቆምነው የኛ ተራ ግን የትም አልተጻፈም። በሩ ላይ የቆመው ሮዴል የሚባለው የመርከብ ሠራተኛ ይኼን ቢነግረንም መርቭ «ቁጥር ያልፋል፤ መቆም ግን ይቀራል» እያለ አጽናናን፤ እኛም አመንነው። ነፋሱ ግን እየበረታ ሄደ። በመጨረሻ የካፒቴኑ ድምፅ ተሰማ። ባሕሩ ተነሥቷል፤ አሁን የሚሄደው ጀልባ ወደ ደሴቷ የመጨረሻው ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚላኩት ሰው ለመመለስ ብቻ ነው።

ሮዴል ጀልባውን አየና «ሁለት ሰው ይዤ እዘጋለሁ» አለ።

ሁለት ሰው ማለት ክላይቭና ሚስቱ ማለት ነው። ግሌኒስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ ቀይ ጨርቅ አወጣችና ጉልበቷ ላይ ፈታችው፤ መነጽሩ ነበር። አየችው፣ መልሳ ጠቀለለችው።

ክላይቭ ከታች «ምንድን ነው እሱ፣ ግሌኒስ?» አላት።

እሷም ወረፋ ላይ ወሬ እንደማይወራ ረሳችና ነገረችው። ስለ ዶርቃ፣ ስለ ክሩ፣ አገር ዞሮ ስለተመለሰው ፖስታ።

«መነጽሩን ስጪኝና ላድርስልሽ አልልሽም» አለ ክላይቭ፤ «የት እንደማስቀምጠው እኔ ራሴን አላምንም። የኛን ቦታ ውሰዱ። ውረዱ፣ ሁለታችሁም።»

«አይሆንም» አለ መርቭ።

ሁላችንም ዞረን አየነው።

«ክላይቭ ቦታውን ከለቀቀ ቦታው የቀጣዩ ሰው ነው፣ የኛ አይደለም። ቀጣዩ ከለቀቀ ደግሞ የሚቀጥለው። ወረፋ ማለት እኮ ይኼ ነው። አለዚያ ለምን ተሰለፍን?»

«እኔም ምን ሰይጣን አሰለፈኝ እያልኩ ነበር» አለ ክላይቭ።

ከክላይቭና ከሚስቱ ቀጥሎ የቆመችው ሴትዮ ግን ሕጉ ገብቷት እጇን አነሣች። «እኔ ለቅቄያለሁ።» ከኋላዋ ያለው «እኔም» አለ። «እኔም።» «እኔም ለቅቄያለሁ፤ እግሬም አብጧል።» እንዲህ እየተባለ ደረጃውን ወጣ፤ እኔ ጋ ደረሰ፣ ለቀቅሁ፤ መርቭ ጋ ደረሰ። ከሕጉ አንዲት ቃል ሳይጣስ ቦታው የሱ ሆነ። በውስጤ ፊተኞች ኋለኞች፣ ኋለኞችም ፊተኞች ይሆናሉ የሚለውን አሰብኩ።

መርቭ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ግሌኒ፣ አንቺ ሂጂ» አላት፤ ድምፁም ዝቅ አለ። «እኔ መስኮቱ ላይ ሳለሁ ‹ቸግሮኛልና አስቀድመኝ› ያለኝን ሰው ሁሉ ወደ ኋላ መልሼያለሁ። ልጇ የታመመባት ነበረች። አሁን እኔ ቸግሮኝ ብቀድም፣ ያችን ሴትዮ በሰማይ ሳገኛት ምን እላታለሁ?»

«እንግዲያው በቦታህ ሌላ ሰው ይሂድ» አለችው ግሌኒስ፣ ጉንጩን ነካ አድርጋ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ነይ፣ ቦርሳዬን ያዢልኝ» አለችኝ።

ጀልባው ከበሩ ሥር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ሮዴል ሊደግፋት እጁን ዘረጋ። እሷ ቆማ ጠበቀች፤ ጀልባው ከፍ ሲል በግራ እግሯ ረግጣ ገባች።

«እመቤት፣ ባሕረኛ ነበሩ እንዴ?» አላት ሮዴል።

«ባለቤቴ በጋሪ አሠልጥኖኝ ነው።»

ሮዴል ወደ እኔ አየ። «እውነቷን ነው» አልኩት።

ደሴቷ ላይ ስንደርስ ዶርቃ ከአንድ ዛፍ ሥር ቀሚሶቿን እያጠፈች ነበር፤ የመጡት ጀልባዎች ጥቂት ስለሆኑ ገበያ የለም ብላ ልትሄድ። ቀና ስትል ግሌኒስን አየች። ፊቷን አልለየችውም፤ አካሄዷን ግን ለየችው።

«ዘገየሽ፣ እህቴ።»

«ዘገየሁ። ያንቺን ዓይን ይዤ መጣሁ።»

ዶርቃ ቀዩን ጨርቅ ፈታች። መነጽሩን አደረገችና በመጀመሪያ ያየችው መርፌ አልነበረም። ግሌኒስን ነው፤ ቀስ ብላ፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ።

«አርጅተሻል እኮ» አለቻት።

«መስታወት ይዤልሽ ባለመምጣቴ አመስግኚ።»

ተያይዘው ሳቁ። ከዚያ መርፌው መጣ። ዶርቃ ክሩን በከንፈሯ አርጥባ አስገባችው፤ ገባ። አወጣችውና እንደገና አስገባችው። በቋንቋዋ የሆነ ነገር አለች፤ ጸሎት እንደሆነ ለማወቅ ትርጉም አያሻም ነበር። እኔም በልቤ አሜን አልኩ። ቀጥሎ የታጠፈ ቀሚስ አንሥታ ስፌቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ ፊቷም ተለወጠ።

«ይኼን ሁሉ ጠማማ ስፌት ለሰው ስሸጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው?»

«እኔም አንዱን ገዝቼ ለብሻለሁ» አለች ግሌኒስ። «እኛ ገዢዎቹም መነጽር አላደረግንም ነበር።»

ዶርቃ ያን ቀን ምንም አልሸጠችም። ቁጭ ብላ ያን ቀሚስ ስትተረትርና እንደገና ስትሰፋ፣ ሁለቱ ስለ ልጅ፣ ስለ ዳሌ፣ ስለ ቄስ አወሩ፤ የመመለሻው ጀልባ እስኪጠራን። ልንነሣ ስንል ዶርቃ «ባልሽስ?» አለች። ግሌኒስ ወደ መርከቡ እያሳየች «ተሰልፏል» አለቻት። ዶርቃ ይኼን በቁም ነገር ተቀብላ፣ በቅጠል የተሠራ ማራገቢያ ሰጠቻት። «ወረፋ ላይ ይሞቀዋል።»

ስንመለስ ደረጃው ባዶ ነበር። ክበቡ ምሳውን ሊበላ ወጥቷል። መርቭ ብቻ በሩ አጠገብ፣ ባርኔጣው በራሱ፣ ፎጣው በአንገቱ ቆሟል። የመጀመሪያው ሰው ሆኗል።

«የቱ እግር ቀደመ?» አለ።

«ግራው» አለች ግሌኒስ። «ከፍ ሲል ነው የረገጥኩት። ጋሪህ ባይኖር ኖሮ ባሕር ውስጥ ነበርኩ።»

«አየች?» አላት።

«አየች። መጀመሪያ ያየችው የኔን ሽብሽብ ነው።»

መርቭ ሳቀ፤ ሲስቅም ዓይኑን በፎጣው ጠረገ። ማራገቢያውን ተቀብሎ ፊቱን ጥቂት አራገበ። ከዚያም ያን ሁሉ ጊዜ ከጠበቀው ከወረፋው ራስ ገለል ብሎ፣ ከኋላው ማንም ሳይኖር፣ «ቀጣይ» አለና ሚስቱን ክንዷን ይዞ ደረጃውን ወጣ።