እናቴ የጸለየችላት የድራማ ልጅ

እኔ ዓመት የምቆጥረው ከጊፋታ እስከ ጊፋታ ነው። ወላይታ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። የዘመን መለወጫችን ሲቃረብ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፣ እኔም ቁጭ ብዬ በዓመቱ ያየሁትን ፊልምና ድራማ ሁሉ እያወጣሁ እያወረድኩ እፈርዳለሁ። ፍረጂ ያለኝ የለም። ሶዶ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የተረፈውን ጊዜዬን ቴሌቪዥን ይበላዋል። ባልደረቦቼ "አንቺ ያላየሽው ምን አለ?" ይሉኛል። ነገር መሆኑ ይገባኛል፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል።

ያለፈው ዓመት የአማርኛ ፊልሞች አብዛኞቹ አናደውኛል። ሁሉም ሰው የሚኖረው ቪላ ውስጥ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን አይታወቅም። ፍቅረኞቹ የሚተዋወቁት ኮሪደር ላይ ተጋጭተው ነው፤ ወረቀት ይበተናል፣ ሁለቱም ጎንበስ ይላሉ፣ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። እኔ የፈተና ወረቀት ተሸክሜ ከስንት ሰው ጋር ተጋጭቻለሁ፤ ያተረፍኩት "አታዪም እንዴ?" የሚል ብቻ ነው።

ከሁሉ የባሰብኝ ዘበኛው ነው። በየፊልሙ ከእኛ አካባቢ የመጣ አንድ ዘበኛ አለ፤ አማርኛው እንዲያስቅ ተብሎ ተሰባብሯል፤ ወንዱን "አንቺ"፣ ሴቷን "አንተ" ይላል። አንዱን እዚሁ ሶዶ አዳራሽ ውስጥ ሆኜ አየሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የተናደድኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። እናቴ አማርኛ ስትሞክር እንደዚያ ነው የምትናገረው፤ በወላይትኛ ግን ሽማግሌ የምታሳምን ሴት ናት።

የዓመቱ ምርጥ ብዬ የፈረድኩለት በስልኬ ያየሁት አጭር የወላይትኛ ፊልም ነው። ድምፁ መጥፎ ነው፤ ንፋስ ይገባበታል፣ ዶሮ ይጮህበታል። ነገር ግን አንዲት ሴት ለቅሶ ቤት ደርሳ ደጁ ላይ ስትቆም፣ መግባት ሲያቅታት፣ አቋቋሟ ልክ የእኛ ሰው አቋቋም ነበር። ሦስት ጊዜ አየሁት። ባልደረቦቼ ሳሳያቸው "ካሜራው ይንቀጠቀጣል" አሉኝ። ይንቀጥቀጥ።

የዓመቱ ትልቁ ጉዳይ ግን ምርጡ ፊልም አልነበረም። ባሕር ማዶ ተሠርቶ አማርኛ ድምፅ የተሰጠው፣ ማለቂያ የሌለው አንድ ድራማ ነበር። እንደ ፊልም ከፈረድኩት ብዙ ነጥብ አልሰጠውም። መጥፎ ወሬ በተሰማ ቁጥር ብርጭቆ ይወድቃል። አንድ ሰው "ምን አልክ?" ለማለት ካሜራው የአራት ሰው ፊት መዞር አለበት። ለክፉዋ አማት የአማርኛ ድምፅ የምትሰጠዋ ተዋናይት በሌላ ድራማ ላይ የደግ መነኩሲት ድምፅ ናት፤ መነኩሲቷ ስትባርክ እንኳ ልትሳደብ ነው ብዬ እፈራ ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድ ክፍል አላመለጠኝም። በተራ መብራት ሲጠፋብን በማግስቱ ኦቶና ሰፈር የምትኖር ባልደረባዬ በአስተማሪዎች ክፍል ታወራልኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጨምራ ታወራለች።

እናቴም ታየው ነበር። ማየት ስል፣ ዓይኗ ከስክሪኑ፣ ጆሮዋ ከእኔ ነው። የገበያ አማርኛ አላት፤ ድራማው ግን ይፈጥንባታል። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ቦይናዋን፣ ሌላው አገር ጎደሬ የሚለውን፣ ትልጣለች፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ ወደ ወላይትኛ እመልስላታለሁ። "ምን አለችው?" ትላለች፣ እነግራታለሁ። "እሱስ ዝም አለ?" ትላለች። "አዎ፣ ዝም አለ።" "ወንድ ነዋ!" ትላለች።

የድራማው ነገር አጭር ነው። የባለጠጋ ልጅ የጫማ ሰፊ ልጅ ወደደ፤ እናቱ እምቢ አለች። አማቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢታዋን የተናገረች ዕለት፣ የአማርኛው ድምፅ "የእነሱ ዘር ቤቴ አይገባም!" አለ። እናቴ እንደ ልማዷ "ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ታላቅ ወንድሜ የወደዳት ልጅ ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። በእኛ አገር ሰው ከሸክላ ሠሪ ማሰሮ ይገዛል፣ በማሰሮው ቀቅሎ ይበላል፤ ልጁን ግን አይድርለትም፣ የሸክላ ሠሪውንም ልጅ አያገባም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፣ አንድ መዝሙር እንዘምራለን፤ ስለ ጋብቻ ሲነሣ አግዳሚው ይለያያል። እናቴ በጌታ ፊት ሁሉም እኩል ነው የምትል አማኝ ናት፤ ከልቧም ነው የምትለው። ወንድሜን ግን "ያቺን ካገባህ እኔን እናቴ አትበለኝ" አለችው። አገባት። ቦዲቲ ነው የሚኖሩት፤ ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ ሩቅ መንገድ አይደለም። ሁለት ጊፋታ አለፈ፤ አልመጣም። ለእኔ ይደውላል፤ ስለ እናታችን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። በበዓሉ ዕለት ግን የተጣላ ሳይታረቅ አዲስ ዓመት አይገባም እያለች የጎረቤት ሰው ታስታርቃለች።

እና "ምን አለች?" ስትለኝ፣ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ዋሸ። "ልጅቷ አትወልድም ብሎ ሐኪም ነግሯታል፤ ለዚህ ነው እምቢ ያለችው" አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ያን ጊዜ አልተጠየቅሁም፤ ራሴንም አልጠየቅሁም። እናቴ ቦይናዋን አስቀምጣ "ውይ! በእግዚአብሔር ሥራ ትፈርዳለች እንዴ?" አለች። በዚያው ቀን የልጅቷ ወገን ሆነች። አማቲቱ ብቅ ባለች ቁጥር "ይቺ ልበ ድንጋይ መጣች" ትላለች። እኔም ውሸቴን መንከባከብ ጀመርኩ። "ዘር" የሚል ቃል በተነገረ ቁጥር "ሕመም" እያልኩ መለስኩ። ተማሪዎቼን አንድ ዓረፍተ ነገር አጣመው ከተረጎሙ ነጥብ የምቀንስ አስተማሪ ነኝ።

ያላሰብኩት ነገር ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሰፈራችን እናቶች በየተራ በየቤቱ ለጸሎት ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዷ የጸሎት ርእሷን ታቀርባለች። እናቴ የድራማዋን ልጅ አቀረበቻት። ከቴሌቪዥን መሆኗን አልተናገረችም። "አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፤ ማኅፀኗ ተዘግቷል፤ አማቷ እያስጨነቀቻት ነው" ብቻ አለች። እናቶቹ አራት ወር ሙሉ ጸለዩላት፤ እናቴ ጾመችላት።

ከዚያ ልጅቷ አረገዘች። በድራማው ማለቴ ነው። የሐኪሙ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ሲታይ እናቴ ሰፌዱን ገልብጣ ተነሣች፤ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "ተመስገን!" አለች፤ ቦይናው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እኔ እየለቀምኩ ሳቄን ያዝኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ምስክርነት እንደሰጠች የሰማሁት ግን መንገድ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤታችን "የእናትሽ ጸሎት ተሰሚ ነው፤ ለምራቴም እንድትጸልይልኝ ነገርኳት፤ ስድስት ዓመቷ ነው ሳትወልድ" ስትለኝ ነው። ሳቄ እዚያው ጠፋ። የእኔ ውሸት የእውነተኛ ሰው ተስፋ ሆኗል።

በዚያ ሰሞን ልነግራት ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩ። ያስገደደኝ ድራማው ራሱ ነው። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፅ ስለማያሰማ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጌዋለሁ። ልጅቷ ሆዷ ገፍቶ አማቷ ደጅ ቆማለች፤ አማቲቱ በሩን ዘጋችባት።

እናቴ ቢላዋዋን አቆመች። "አሁንማ አርግዛለች" አለች። "ታዲያ ይቺ ሴትዮ ምን ቀራት?"

ሌላ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። ግን እናቴ ስክሪኑን ትታ እኔን ነበር የምታየው።

"እማዬ" አልኩ፣ "ከመጀመሪያውም አልታመመችም። ሴትዮዋ የጠላችው ዘሯን ነው። አባቷ ጫማ ሰፊ ነው።"

ቢላዋዋን ሰፌዱ ላይ አኖረች። ቀጥላ "ስንት ወር ሆነሽ እንዲህ ስትዪኝ?" አለች።

"አምስት።"

"አምስት ወር በእግዚአብሔር ፊት አስዋሸሽኝ።"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

"ምኑ ነው እኔን የሚከፋኝ?"

መልሴን ሳትጠብቅ ቦይናውን አንሥታ መላጥ ቀጠለች፤ ልጣጩን ከሥጋው ጋር እያነሣች ስትቆርጥ የጡጫ ያህል የነበረው እንቁላል አከለ። ከዚያ "ዝጊው" አለችኝ። ዘጋሁት።

ሦስት ቀን አልተከፈተም። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ግን ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ እንጨትና ስለ ጨው ብቻ ነው። እኔ በዚያ ሦስት ቀን የገባኝ ነገር አሳፈረኝ። አምስት ወር ሙሉ እናቴን ከሐዘን የጠበቅኋት መስሎኝ ነበር። የጠበቅሁት ራሴን ነው። ወንድሜ የሄደ ዕለት "እማዬ፣ ተሳስተሻል" ማለት ነበረብኝ፤ ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ አጠብኩ። እውነቱን ብትሰማ መሸከም አትችልም ብዬ የፈረድኩባትም እኔ ነኝ፤ ማንም እንደዚያ ንቋት አያውቅም።

ሐሙስ የጸሎቱ ተራ የእኛ ቤት ነበር። አሥር ያህል እናቶች መጡ። እኔ ወንበር አቀራርቤ፣ በር አጠገብ ቆምኩ። የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ እናቴ ተነሣች።

"እህቶቼ" አለች በወላይትኛ፣ "ያን ቀን የሰጠሁት ምስክርነት ልክ አይደለም። ልጅቷ መካን አልነበረችም። የቴሌቪዥን ልጅ ናት።"

አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እናቴ አልሳቀችም። ምራቷ እንድትወልድላት ወደ ለመነቻት ጎረቤታችን ዞር ብላ "አንቺን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጸሎቱን ግን አላቋርጥም" አለቻት። ቀጥላ "የታመመችው ልጅቷ ሳትሆን አማቷ ናት። በሽታዋ ዘር መቁጠር ነው። እስካሁን ለማይሆን ሰው ነው ያስጸለይኳችሁ። ዛሬ ለአማቲቱ ጸልዩላት" አለች።

ሳቁ ቆመ። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ወንድሜ ለምን እንደማይመጣ ያውቃሉ። ያኔ "ደግ አደረግሽ" ያሏትም ከመካከላቸው ነበሩ፤ አሁን መሬት መሬት ያያሉ።

ጸሎቱን የሚመሩት አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር የማንንም ፊት አላዩም። "ይሁን፣ እንጸልይላት" አሉ። "ስሟ ማን ይባላል? በስሟ እንጥራት።"

እናቴ የራሷን ስም ተናገረች።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ። ተመለከቷት፤ ከዚያ መልሰው ጨፈኑና በስሟ መጸለይ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ እናቴ መሃል ላይ ተንበርክካ ነበር። እኔ በሩን ይዤ አለቀስኩ፤ ሐዘን ይሁን ኩራት አላውቅም፤ ሁለቱም ነበር።

እናቶቹ ሲበተኑ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኩባያ እየሰበሰብኩ ሳለሁ እናቴ "ስልክሽን አምጪ፤ ደውዪለት" አለችኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ወንድሜ ሲያነሣ እኔ የደወልኩ መስሎት "እሺ እህቴ" አለ። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው፤ መልሳ አስጠጋችው። እሱ "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል። ደህና ነህ ወይ አላለችውም፤ ለምን ጠፋህም አላለችውም።

"እናትህ ነኝ" አለችው። "ስልኩን ለሚስትህ ስጣት።"