ባለቤቴ ሳይናዘዘው የቀረ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ነገር የእግሩን ጥፍር መቁረጥ ነበር። ሐሙስ ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ወገቡ አልታጠፍ ስላለው እግሩን ጭኔ ላይ አሳረፈልኝ። ከአየር ማረፊያው አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ በላያችን ሲያልፍ ጣቶቹ ተኮማተሩ።

«የመንገደኛ ነው» አልሁት።

«የአውሮፕላን ድምፅ ለኔ ልታስተምሪ ነው? ይልቅ ጣቴን እንዳትቆርጪው» ብሎ ሳቀ። ጣቶቹ ግን ቶሎ አልተፈቱም።

በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ነበር። አብራሪ አልነበረም፤ በጭነት አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ከኋላው በር አጠገብ ቆሞ፣ መብራት ሲበራለት ከጓደኞቹ ጋር ቦምቡን እየገፋ የሚጥል ነበር። ስንጋባ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። አንዲት የሰሜን ከተማን በገበያ ቀን መምታታቸውን የነገረኝ ልጆቻችን ካደጉ በኋላ ነው። «ከላይ ሲታይ ሰው ሰው አይመስልም» አለኝ።

ለነፍስ አባታችን ግን አልነገራቸውም። ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ገዳም ናቸው፤ በዕድሜ ከእኛ ያንሳሉ። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። አንድ ጊዜ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው፣ የቆሎ ተማሪ ሳሉ ቦምብ አጠገባቸው ወድቆ እንደሆነ ነገሩት፤ የከተማዋንም ስም ጠሩለት። እነሱ የመቷት ያችው ናት። ከዚያ ወዲህ ጾም መሻሩን፣ መቆጣቱን፣ ሰው ማማቱን ሁሉ ይናዘዛል፤ ያንን ግን ይዞት ይመለሳል። ጀልባው ላይ ፊቱን አይቼ አውቅበታለሁ። «ሌላ ካህን ፈልግ» ስለው፣ «ከሳቸው ሸሽቼ ለሌላ ብነግር ምኑን ተናዘዝሁት?» ይለኛል።

ያን ሐሙስ ጥፍሩን ስጨርስለት፣ «ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። አርብ ከቀትር በኋላ ደረቱን ወጋው። ሆስፒታል ሳንደርስ አለፈ።

ፍትሐቱን ያደረሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ከሬሳው አጠገብ ቆሜ ያንን ሳይናዘዝ መሄዱን ብቻ አስባለሁ። ብነግራቸው ጸሎቱን ይተዉበት ይሆን? ዝም ብል ደግሞ እንደ ተሸከመው ሊቀር ነው። እስከ አርባው ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ከረምሁ።

አርባው ባለፈ በሳምንቱ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። በደህናው ጆሯቸው በኩል ተቀምጬ ነገርኋቸው። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እሳቸው ራሳቸው ሊነግሩኝ አስበው ነበር?»

«ለቅዳሜ ቆርጦ ነበር፣ አባ።»

«ስንት ዓመት ከፊቴ ተቀምጠው...» አሉና አቋረጡ። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው፣ «ቀኖናውን ማን ይፈጽምላቸዋል?» አሉኝ።

«እኔ አለሁ።»

ይቅር ይበሉት አይበሉት አልነገሩኝም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁም። የክርስትና ስሙን በጸሎት ማንሣታቸውን ግን አልተዉም። አሁን በሰጡኝ ቀኖና መሠረት በየጠዋቱ ስለ እሱ አርባ አንድ ጊዜ እሰግዳለሁ።