በደጀ ሰላሙ ግንብ ላይ የቀረው ስም

በጥቅምት ወር፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም ተነሣን። የሄድነው ለመሳለም ብቻ አልነበረም። መንግሥት በየአካባቢው ቆሻሻ በየቦታው መጣልንና ግድግዳ ላይ መጻፍን ለሚከላከሉ ማኅበራት ድጋፍ ይሰጣል። የእኛ የሴቶች ማኅበር አምና አግኝቶ ከገበያው በታች ያለውን ሸለቆ አጽድቶበታል፤ ተመስገን። ዘንድሮ የጠየቁት የገነተ ማርያም ሴቶች ናቸው። ድጋፉ የሚለቀቀው ሌላ ማኅበር ሄዶ ሥራቸውን በዓይኑ አይቶ ሲፈርም ነው። እኔና ጎረቤቴ ደብሬ ተላክን። የሚፈረመውን ቅጽ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ያዝኩ።

ወደ ሙጃ የሚወጣ ሚኒባስ አገኘን። ረዳቱ ለሰው መቶ ሃምሳ ብር አለን። ደብሬ፣ “ጾመኞች ነን፤ ቀለል እንላለን። መቶ ይበቃሃል” አለችው። ሳቀና መቶ ሃያ ተቀበለን።

ከከተማው ወጥተን ስንወርድ ጤፉ መቅላት ጀምሯል። ከፍ ባለው ተራራ ላይ ያለው ገብስ ደግሞ ነጥቷል። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ የክረምቱ ጎርፍ የበላው ቦታ ላይ ወርደን በእግር ተሻገርን።

ይህን መንገድ በእግሬ አውቀዋለሁ። ልጄ የሺ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች ትኩሳት ጠናባት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ “ከዚህ በላይ እኔ የማደርገው የለም” አለኝ። አዝያት ሌሊቱን እስከ ገነተ ማርያም ተጓዝኩና ለእመቤቴ አለቀስኩላት። የሺ ዛሬ ወልዳ ከአራስ ቤት ከወጣች ሁለት ወሯ ነው።

ገነተ ማርያም፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት

የማኅበሩ ሰብሳቢ ሙሉ፣ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ጠንካራ ገበሬ ናት፤ ከሰላምታዋ በፊት ጓንቷን አወለቀች። መጀመሪያ ወደ ገደሉ ወሰደችን። በየገበያው ማግስት ሰው በጨለማ ቆሻሻ የሚደፋበት ገደል ነበር። ጎርፉ ፌስታሉን ወደ ከብት መጠጫው ያወርደዋል፤ የሙሉ ጥገት ፌስታል በልታ ሞታለች። አሁን ገደሉ ተጠርጎ በእሾህ ታጥሯል። ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ድጋፉ ከመጣ የእጅ ጋሪ ይገዙበታል፤ ገደሉን የሚጠብቅ ሰውም ይቀጥሩበታል። ካልመጣ፣ አለች ሙሉ፣ አጥሩ እስከ ፋሲካ አይቆይም።

የቅጹን የመጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎች በደስታ ሞላሁ። የቀረው ሦስተኛው ነበር፤ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ቀርቷል ወይስ አልቀረም?

የደጀ ሰላሙን ግንብ ተሳላሚው ሁሉ ስሙን የሚጽፍበት ነበር። ሴቶቹ ከየቤታቸው አዋጥተው ኖራ ቀብተውታል፤ ዓይን እስኪያጥበረብር ነጥቷል። ጥጉ ላይ ግን መስኮት የምታህል ቦታ ሳትቀባ ቀርታለች።

“ኖራ አለቀባችሁ?” አለች ደብሬ።

“ኖራስ ተርፏል” አለች ሙሉ። “እጃችን እንቢ አለ እንጂ። ቅረቢና አንብቢው።”

ቀረብኩ። በጎች ላይ ምልክት በምናደርግበት ቀይ ቀለም፣ በተጣመመ ፊደል፣ “እመቤቴ ሆይ ወለተ ኪዳንን ማሪልኝ” ይላል።

ወለተ ኪዳን የየሺ የክርስትና ስሟ ነው። ያን ሌሊት ለበጎቼ የገዛሁት ቀለም በአገልግሌ ነበር። ጣቴን ነክሬ ጽፌዋለሁ፤ ፈጽሞ ረስቼው ኖሯል።

ሙሉ እያስረዳችን ነበር። የሌላውን ስም ሁሉ ሸፍነውታል። ይህንን ግን ማን ይድፈረው? ልጅቱ እስካሁን ታማ እንደሆነችስ?

ደብሬ ቅጹ እንደማይፈቅድ ነገረቻት። አንድ ጽሑፍ ከቀረ ድጋፉ አይለቀቅም።

“እንግዲያው ይቅር፣ እታለም” አለች ሙሉ። “የእናት ልመና ላይ ኖራ አላለብስም።”

ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች አንድም አልተቃወሟትም። ላላወቋት ልጅ ብለው የለፉበትን ሊተዉ ነው። ዝም ብዬ ልፈርም፣ ወይስ አልፈርምም ብዬ ልመለስ ስል አሰብኩ። ሁለቱም ኃጢአት ሆነብኝ።

“ድናለች” አልኩ። “ልጄ ናት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

ደብሬ ቀስ ብላ ዞረች። “ግድግዳ አትንኩ እያልሽ ስንት ዓመት የጮኽሽብን አንቺ ነሽ?”

ቄሰ ገበዙ እዚያው ደጀ ሰላሙ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅኩ። “አባቴ ይፍቱኝ፤ የእመቤቴን ደጅ ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ።”

“እግዚአብሔር ይፍታሽ” አሉና ልጅቱ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ። ሴት ልጅ እንደወለደች ስነግራቸው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ተነሡ። የኖራውን ብሩሽ ከባልዲው አንሥተው ሰጡኝ። “ንስሐሽ ይኸውልሽ። የልጅሽን ልጅ ስም ደግሞ ለእኔ ንገሪኝ፤ በጸሎት እጠራታለሁ። ግንብ አያስፈልጋትም።”

በብሩሹ ሁለቴ አለፍኩበት። ቀዩ ገና ፈዝዞ ይታይ ነበርና ሙሉ ሦስተኛውን ደገመችልኝ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ቅጹ ላይ “ጽሑፍ የለም” ብዬ ፈረምኩ። የሙሉን የባቄላ ክክ ወጥ በገብስ እንጀራ በልተን፣ የሚመለስ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። ደብሬ እስከ ላሊበላ ድረስ “የተከበሩ መርማሪ” እያለች ስትጠራኝ መጣች።

ቤት፣ አመሻሽ

የሺ ሕፃኗን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። “እማየ፣ ስሜን አጠፋሽው?” ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ያቺን ሌሊት ብቻዬን የለመንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስሟን ያነበበው ሁሉ አብሮኝ ሲለምን ኖሯል።

የልጅ ልጄን ልታቀፍ እጄን ታጠብኩ። የጥፍሬ ሥር ኖራው ግን አልለቀቀም፤ እንደነጣ ተቀበልኳት።