በሦስት ስንኝ የዞርኩት ዓመት

እነዚህ ልጆች አላስቀምጥ አሉኝ። የልጅ ልጆቼ ናቸው። ትልቋ ደብተር ዘርግታ፣ ትንንሾቹ ጉልበቴን ተደግፈው፣ «እማማ፣ ያንን የጃፓን ግጥም እንዴት እንደጀመሩት ይንገሩን» ይሉኛል። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ ሴት ነኝ። ፊደሉንም የለየሁት በልጅነቴ ጥጥ እየፈተልኩ፣ ከአጥር ማዶ የቄስ ተማሪዎች ሲጮኹ እየሰማሁ ነው። ማንበቡን እንደ ምንም እወጣዋለሁ፤ እጄ ግን መጻፉን እምቢ ብሏል። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች። ከዋሸንም ሁለታችን ነን።

ነገሩ የመጣው ከእግሬ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሴት ልጄ ፍኖተ ሰላም ናት፣ ወንዱ ቡሬ ነው፣ እህቴ ደምበጫ፤ ሌላዋን ልጄን ያገባው አማቼ ደግሞ ገበዝ ማርያም አጠገብ ያርሳል። ሳምንት እዚህ፣ አሥራ አምስት ቀን እዚያ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ውልቅ ነው። ያን ዓመት ግን ልጆቼ መከሩብኝ።

«እናቴ» አለኝ ቡሬ ወፍጮ ቤት ያለው ልጄ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ «ጉልበትዎ ደክሟል፤ ዘመኑም ደግ አይደለም። ከእንግዲህ እኔ ቤት ይረፉ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው።»

«ተረቱ ዞሮ ዞሮ ይላል እንጂ ቁጭ ብሎ አይልም» አልኩት። «እኔ ገና የመጀመሪያው ዞሮ ላይ ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቃል የሚቆጥብ ነው። አልሳቀም ማለት ቆርጧል ማለት ነው። መንገዱ ከቀረብኝ ምን ይቀረኛል? ወፍጮ ሲጮህ እየሰማሁ ሞቴን መጠበቅ ነው።

ያዳነችኝ ይህችው የምትጽፍልኝ ናት። ያኔ ፍኖተ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። መምህሯ፣ የጃፓን ሰዎች ስለ ወቅት መለዋወጥ የሚገጥሙት አጭር ግጥም አላቸው፣ እናንተም ሞክሩ ብሏቸዋል። ሦስት ስንኝ ብቻ፤ አንደኛው አምስት ፊደል፣ መካከለኛው ሰባት፣ የመጨረሻው አምስት። የሚባለው ደግሞ በዓይን የታየ ነገር ይሁን አለ። እሷ የከተማ ልጅ ናት፤ ክረምት መግባቱን የምታውቀው ጃንጥላ ሲጠፋባት ነው።

«አጎቴ፣ እማማ ካልዞሩ ማን አይቶ ይነግረኛል?» አለችው። «ወቅቶቹ እስኪያልቁ ይተዉልኝ።»

ልጄ አሰበ። ከዚያ አራት ጣቱን አወጣ። «ወቅት አራት ነው። አራት ግጥም። ከዚያ ይቀመጣሉ?»

«ወቅቶቹ ሲያልቁ እቀመጣለሁ» አልኩ። በማርያም ስም ማልኩለት።

በመኸር ጀመርኩ። ቡሬ መንገድ ላይ ኑጉ እንደ ጉድ አብቦ ነበርና ከሚኒባስ ወርጄ መሐሉ ገባሁ። ወጥቼ ሌላ መኪና ተሳፈርኩና በጣቴ አንጓ እቆጥር ጀመር፤ አውራ ጣቴ ከአንጓ አንጓ ይሄዳል፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «እመት፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ» ብሎ መስኮት ዳር ያለውን ወንበር ለቀቀልኝ። ግጥም ነው እንዳልለው አፈርኩ። አሜን ብዬ ተቀመጥኩና ቆጠራዬን ጨረስኩ፦

ኑግ አበበ
ቀሚሴ ቢጫ ሆነ
ንቦች መጡ

ወዲያው ለልጅቷ ደወልኩላት። ስልኩ ውስጥ ስትጽፍ፣ ስትስቅ ይሰማኛል። «እማማ፣ ልክ ነው! ልክ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት!» ስትለኝ፣ ያ ጎልማሳ ዞር ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ወንበሩን ግን አልመለስኩለትም።

በጋው ገበዝ ማርያም ገጠር አገኘኝ። አማቼ ወሬኛ ነው፤ ሞፈር ሲጠርብም ያወራል፣ ሲበላም ያወራል፣ ተኝቶም ያወራል ትላለች ልጄ። ዐውድማ ላይ ጤፉ ተወቅቶ፣ እህሉን ከገለባው ሊለይ ላይዳውን፣ ያን የእንጨት አካፋ፣ ይዞ ሲነሣ ነፋሱ ድርግም አለ። እሱም ድርግም አለ። እኔ ደግሞ ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታ ላይ ወጥቼ ለልጅቷ ጮኽኩላት፦

ነፋስ ጠፋ
ላይዳ ይዞ ቆመ
አማቼ ዝም

«ምን አሉ እናቴ? እኔን አሙኝ እንዴ?» አለኝ ከታች።

«አመሰገንኩህ እንጂ፤ ጃፓን ድረስ ስምህን ላክሁት።»

ያን ዕለት ማታ ለጎረቤቱ ሁሉ ጃፓን መታወቁን ሲያወራ አመሸ።

የበልጉ ፍኖተ ሰላም ደጃችን ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አንድ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የፈረስ ጋሪ ነጂውን ቀን ሙሉ «ወግድ! መንገድ ልቀቅ!» ሲለው የዋለ ባለባጃጅ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ፈረስህን አበድረኝ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፦

ዝናብ መጣ
ባጃጁ ጋሪ ጠራ
ጭቃ ይዞት

ሦስት አለቀ። አራተኛው የክረምቱ ነበር፤ እሱ ሲያልቅ እኔም አለቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ ተንኮል ጀመርኩ። ሐምሌ ሲገባ ግጥሟ በሆዴ ነበረች፤ ግን ሆን ብዬ አበላሽቼ ለልጅቷ ነገርኳት፦ ወንዙ ሞላ፣ ማዶ ያለች ላም፣ እኔን ታያለች።

«መጨረሻው ሁለት ፊደል ተርፎታል» አልኩ አዝኜ። «መቼም ለማስተካከል ሌላ ክረምት ያስፈልገኛል።»

«ታየኛለች ይበሉት፤ ልክ አምስት ነው» አለችኝ ሳታስብ።

ምላሷን በቆረጠው! ልጄ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር፤ እኔን ሊወስድ ከቡሬ መጥቷል። «አራት ሆነ» አለ። «አልጋዎን አስነጥፌያለሁ።»

ዘንቢሌን ማዘጋጀት ጀመርኩ። መሐላ ነውና ምን እላለሁ? እንባዬ መጣ። በዚህ መሐል የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ገቡ። በዕድሜ አሥር ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን «ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» ነው የሚሉኝ። ከኑጉ እስከ ላሟ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ለመሆኑ ምን ብለሽ ማልሽ?» አሉ።

«ወቅቶቹ እስኪያልቁ ብዬ።»

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ልጄ ዞሩ። «አንተ፣ ወቅት አራት ነው ያለህ ማን ነው? ትልልቁ አራት ነው። ዘመነ ክረምት ብቻውን ሰባት ቦታ ይከፈላል። የዘርና የደመና አለ፣ የመብረቅና የነጎድጓድ አለ፣ ዕጓለ ቋዓት አለ...»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው አባ?» አልኩ፤ እንባዬ ቀጥ አለ።

«የቁራ ጫጩቶች ዘመን። ነሐሴ ላይ ነው።»

«እሱን ገና አላየሁትም!»

«ካላየሽውማ አላለቀም። መሐላ አታፍርሺ።»

ልጄ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። እየሳቀ ይሁን እየተናደደ አልታወቀኝም። «እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ካለች...» ብሎ ተነሣና ብቻውን ቡሬ ገባ።

እኔም ነሐሴን የቁራ ጎጆ ፍለጋ ዋልኩ። አማቼ ሰባት ባሕር ዛፍ ሥር አንገቴን ቀና እያስደረገ፣ ስለ ቁራ የማያውቀውን ሁሉ ነገረኝ። ስምንተኛው ላይ አገኘሁ፦

የቁራ ልጅ
ዝናብ ጎረሰና
ዞሮ አየኝ

ሰባቱን ክረምት በአንድ ክረምት መጨረስ የሚቻል አይደለም፤ መብረቁ ሲመጣ ደምበጫ እሆናለሁ፣ የፍሬው ዘመን ሲደርስ ቡሬ። አንዱ ያመልጠኛል፣ ለከርሞ ይተርፋል። እንዲህ እያልኩ ዓመታት ዞርኩ። ልጄም አንድ ቀን እንኳ «ስንት ቀረዎት?» አላለኝም። እኔ ቄሱን ፈርቶ ነው ብዬ በልቤ ስኮራ ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት ነው ይህች ልጅ እውነቱን ያወጣችልኝ። እኔ ስደውልላት ግጥሟን ደብተሯ ላይ ሳታሰፍር በፊት ለአጎቷ ትደውል ኖሯል። እሱ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር፤ «ከየት ነው?» «ከገበዝ ማርያም» ወይም «ከደምበጫ» ትለዋለች፤ «እሺ» ብሎ ይዘጋል። ግጥሟን አንድም ቀን አንብቢልኝ ብሏት አያውቅም። አንድ ጊዜ ስልኬ ውሃ ገብቶበት አራት ቀን ድምፄ ጠፋ። ያን ጊዜ ወፍጮውን ዘግቶ ደምበጫ እህቴ ቤት ድረስ መጣ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እኔና እህቴ ስንሳሳቅ ሰማ፤ ሳይገባ ወደ ቡሬ ተመለሰ።