ሁለት ሐረግ የታሰረበት ዛፍ

አባቴ በአንድ ሰሞን ለሁለት አገር ሰጠኝ። ዱባይ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ «ትመጣልሻለች፣ ቦታ አዘጋጂላት» አላት፤ ደቡብ አፍሪካ ላለው ለእናቴ ወንድም ደግሞ «ልጅህ ናት፣ ውሰዳት» አለው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሚዛን ተፈሪ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ቆሜ ለአንዲት ከገጠር ለመጣች እናት የሽሮፑን አወሳሰድ ሳስረዳ እህቴ ደውላ ጆሮዬ ላይ እልል አለች። በዚያው ሳምንት አጎቴ ደወለና አልጋ እንደገዛልኝ አበሰረኝ። ለሁለቱም «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳቸው። እኛ ቤት ይህ እሺም እምቢም አይደለም።

አባቴን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። በሚኖርበት በሸኮ እሱ አንዴ ከአፉ ያወጣውን ሲያጥፍ ያየ ሰው የለም። ቡናውን ለአንዱ ነጋዴ እሰጣለሁ ካለ፣ ሌላው መጥቶ ቢለምነው ቢያባብለው ወይ ፍንክች። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ልጅ ለሁለት ሲሰጥ ምን ይባላል? እኔ በስልኩ አመካኘሁ። አባቴ ስልክ ሲይዝ ይጨንቀዋል፤ ለተባለው ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ቶሎ መዝጋት ነው የሚወደው። ድሮ ስልኩን የምታነሳለት እናቴ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ባሰበት።

እናም አገር መምረጥ ጀመርኩ። ከሁለቱ የአንዱ ቃል መፍረሱ ካልቀረ፣ ቢያንስ የሚሻለኝን ልያዝ ብዬ ነው። ዱባይ ሥራው በሙያዬ ነው፤ ፈተናውን ካለፍኩ ነጭ ጋወን ለብሼ ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት መድኃኒት ቤት ውስጥ እቆማለሁ። ግን እህቴ የምትኖረው ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ነው፤ በበጋው ከበር እስከ መኪና መሄድ ራሱ እሳት ውስጥ መግባት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ሚዛን ላይ ጥቂት ቀን ካልዘነበ የሚከፋኝ ሰው ነኝ። ደቡብ አፍሪካ አየሩ ደግ ነው አሉ። አጎቴ ግን ሱቁን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ የሚተኛውም እዚያው ከዱቄቱ ጎን ፍራሽ ዘርግቶ ነው። የመድኃኒት ትምህርት ስማር የኖርኩት በፍርግርግ ቀዳዳ ሳሙናና ዳቦ ለማቀበል ነበር?

የጸሎት ቡድናችን ጉዳዩን ያዘልኝ። አንዲት እናት ጸልየው ሲያበቁ ፊታቸው በርቶ «ባሕር አየሁ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ካርታ ከፈትኩ፤ ሁለቱም ባሕር አላቸው። አከራዬ ደግሞ የራሷ ትርጉም ነበራት። «አባትሽ ብልህ ናቸው፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ» እያለች ትስቅብኛለች። ተንጠልጣይዋ እኔ ስለሆንኩ ሳቁ አልመጣልኝም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የአገሩ ምርጫ አልነበረም። አባቴ እኔን ለመሸኘት እንዲህ መጣደፉ ከፋኝ። እናቴ የለች፣ እህቴ ሄዳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የደም ግፊት ክኒኑንና ጨውና ሳሙናውን ይዤለት የምሄደው የቀረሁት እኔ ነኝ። ምን አድርጌው ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ልጠይቀውም አልደፈርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

እህቴ «ሥራውን ያገኘሁልሽ ሰዎች መልስ ይፈልጋሉ፤ ቁርጡን ንገሪኝ» ባለችኝ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍሬ ሸኮ ወረድኩ። የትኛውን ቃል ላፍርስልህ ብዬ ልጠይቀው ነበር። አባቴ ቀፎዎቹን ሊያይ ሲወጣ ደረስኩ። «ነይ እንሂድ» አለኝና ከቡናው አልፈን ጫካ ገባን። ከኋላው እየተከተልኩ የምናገረውን በልቤ እደረድራለሁ፤ ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀር ይታገለኛል።

አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ስንደርስ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ። በእኛ ጫካ ቀፎ ሊሰቅል የፈለገ ሰው ዛፉ ግንድ ላይ ሐረግ ያስራል፤ ያንን ያየ ሌላ ሰው ዛፉን አይነካውም። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። እዚህ ግንድ ላይ ግን ሁለት ሐረግ ታስሯል፤ ሁለቱም አርጅተው ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቀዋል።

«የማነው?» አልኩት።

«የሁለት ሰው። ሁለቱም ቀድሜ አሰርኩ አሉ።»

«ታዲያ ማን ሰቀለበት?»

«ማንም። ሁለት ሐረግ ካለበት ሽማግሌ ተቀምጦ ካልፈረደ አይነካም። አይሰቀልበትም፣ አይቆረጥም።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ይቀመጣሉ» አለና ሳቀ። «እኔ ልጅ ሆኜም ይቀመጣሉ ይባል ነበር።»

ሽቅብ አየሁ። በዙሪያው የነበሩት ዛፎች ተቆርጠው ጉቶ ቀርተዋል፤ እሱ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ቆሟል። ከዚያ አባቴን አየሁት። ወደ እኔ አይመለከትም፤ የገጀራውን ስለት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነው። የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«አባ፣ እኔንም እንዲህ አስረኸኝ ነው?»

ገጀራውን ግንዱ ላይ አስደገፈ። «መጀመሪያ እህትሽ ጠየቀች» አለ። «ብቻዋን ናት፣ እምቢ ልላት አልቻልኩም። ከዚያ ምግብ እምቢ አለኝ። አጎትሽ ሲደውል ለሱም እኔው ውሰዳት አልኩት። ሁለት ከሆኑ ማንም አይወስዳትም ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቅሪ አላልከኝም? አንድ ቃል እኮ ነው!» ጮህኩበት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ቅሪ ብልሽ ትቀሪያለሽ» አለ። «እሱን ነው የፈራሁት። አንድ ቀን ሲከፋሽ አባቴ ነው ያስቀረኝ ትያለሽ።»

እዚያው ሥሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ክረምቱን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሳልኝ ይታወቀኛል። አባቴ ሊሸኘኝ አልነበረም የተጣደፈው። እሱ ግን ልቅሶዬን በሌላ ተርጉሞ ተርበደበደ፤ «መሄድ ካማረሽም ንገሪኝ፤ ያሰርኩትን እኔው እፈታለሁ» አለኝ። እና ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚያምረኝ ራሴን ጠየቅሁ። እስከዚያ ድረስ ከሁለት አገር አንዱን ስመርጥ ነበር እንጂ፣ ልሂድ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ትዝ ያለችኝ ያቺ የሽሮፑ እናት ናት። በአማርኛ ነግሬያት አልገባት ሲል በሸኮኛ ደገምኩላት፤ እፎይ ብላ እጄን ያዘችኝ። ዱባይ ይህን ሥራ የሚፈልግ ማን አለ?

ቤት ስንመለስ ስልኬን አወጣሁ። አባቴ «እንጨት ልፍለጥ» ብሎ መጥረቢያውን ይዞ መስኮቱ ሥር ቆመ፤ የተፈለጠ እንጨት በረንዳውን ሞልቶት ነበር። መጀመሪያ ለአጎቴ ደወልኩ። «አባቴ ቃሉን አላጠፈም፤ የማልመጣው እኔ ነኝ» አልኩት። በረጅሙ ተነፈሰና ሳቀ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ! እዚህ ያለውን ሁኔታ እያየሁ እንዴት አትምጪ ልበላችሁ ብዬ ስጨነቅ ነበር። አባትሽ ልጅህ ናት ሲሉኝ አፌ ተያዘ። አልጋውን ግን ምን ላድርገው?»

«ተኛበት» አልኩት።

እህቴ ከበደችኝ። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ብቻዬን ልትተዪኝ ነው አለችኝ፤ ሁሉም እውነት ስለሆነ አልተከራከርኳትም። መጨረሻ ላይ አፍንጫዋን እየሳበች፣ «አባዬ ነው ያስቀረሽ?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ስናገር ከውጭ የመጥረቢያ ድምፅ አልሰማሁም።

«አይደለም» አልኩ፣ መስኮቱ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ውጭ መጥረቢያው ሥራውን ጀመረ።